ሁለት ክንድ ገመድ

ዲላ፣ የካቲት 10 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዘነበ እናት፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ሰላም ለቤትሽና ለጓሮሽ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ያ በክረምቱ የያዘሽ ሳል ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እያመላለሰ ይጥልሻል? እኔ አልሐምዱሊላህ ቆሜ እሄዳለሁ። ረህማ ደህና ናት፣ አድጋለች፣ አፍ አውጥታለች፤ ስትመልስልኝ ብትሰሚያት ምላሷን ከኔ ሳይሆን ካንቺ ነው የወሰደችው ትያለሽ። ካሳነሽም ደህና ናት፤ ይህን ወረቀት በእጅሽ የምታስረክብሽ እሷ ናት። ነገ ረቡዕ ለእህቷ ልጅ ሠርግ አንቺ ወዳለሽበት ወደ ጨለለቅቱ መሄዷ ስለሆነ አደራ ብያታለሁ። ፖስታ ቤቱን አላምነውም፣ ደግሞም የሳምንት ጊዜ የለኝም። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ትደርሺበታለሽ።

ሰባት ወር ሙሉ አንድ መስመር አልጻፍኩልሽም። ቂም ይዛ ነው ብለሽ አዝነሽብኝ እንዳይሆን። እኔ ባንቺ ላይ ምን ቂም አለኝ! ስንቴ ጀምሬ ስንቴ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ደከመኝ እህቴ። ሥራ እንዳይመስልሽ፤ ሥራ መቼ ሴት ገድሎ ያውቃል? ጠዋት ስነሳ ነው የሚደክመኝ፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ።

የገመድ ቤታችንን ወሬ ልንገርሽ። ካንቺ ጋር አሥራ ዘጠኝ ነበርን፣ ዛሬ አሥራ አንድ ነን። ከሞያሌ በኩል ናይለን ገመድ እየገባ ገበያውን ሞልቶታል። ሰማያዊ፣ የሚያንሸራትት፣ ቋጠሮ የማይዝ ከንቱ ነገር ነው፤ ግን ዝናብ አያበሰብሰውምና ቡና ነጋዴው ወዶታል። የኛን ቃጫ ማን ይየው! ሴቶቹም መነካከስ አብዝተዋል። ያኔ የማን ገመድ እንደሆነ ለመለየት እያንዳንዳችን ጫፉን በየራሳችን አቋጣጠር እንዘጋው አልነበር? ካሳነሽ ድብልብል አድርጋ፣ እኔ ሁለት ጊዜ አዙሬ፣ አንቺ ደግሞ ሦስት ጊዜ ጎንጉነሽ ወደ ኋላ መልሰሽ። ካንቺ በኋላ ምልክቷን የምትቋጥር ሴት የለችም። ሁሉም ጫፉን በቢላዋ ቆርጣ ትጥለዋለች። ማንም አላዘዘም፣ በዚያው ቀረ። ታዲያ ይቺ የኔ ናት፣ ያቺ የኔ ናት ሲባል ይዋላል፤ ዳኛዋ ደግሞ እኔ ነኝ። ፍርድ ከኔ ሲጠበቅ አይገርምሽም?

ያወጣሽልን ሕግ ግን አልፈረሰም። አትጠገብ ጥቅምት ላይ ወንድ ልጅ ተገላገለች፤ አርባ ቀን ሙሉ ገመድ አልነካችም፣ ድርሻዋም ቤቷ ድረስ ሄዶላታል። ይህን የምነግርሽ ልትመርቂኝ አይደለም። ሕጉ ያንቺ ስለሆነ እንድታውቂው ነው።

የጀመርንበትን ቀን ሳስብ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ። የረሻድ አባት ባህሩዲን ከሞተ ዓመት አልሞላውም ነበር። ሱቁ ውስጥ ከጨውና ከክብሪት በቀር ምንም የለም። አንቺ አንድ ሸክም ቃጫ ይዘሽ ትመጫለሽ። እኔ የነጋዴ ሚስት አይደለሁ፣ እርጥብ ነው፣ ቆሻሻ አለው ብዬ ዋጋ ልሰብር ስል ሸክሙን እግሬ ሥር ወረወርሽውና አፈጠጥሽብኝ። እንሰት ስፍቅ የምውለው እኔ፣ ገምዶ የሚከብርበት ሌላ፣ አንቺ ደግሞ መሃል ገብተሽ ቆሻሻ አለው ትይኛለሽ፤ አንድ ቀን ቁጭ ብለሽ ፍቀሽ ታውቂያለሽ ወይ አልሽኝ። እኔ ፍቄ አላውቅም፣ እናቴ ግን በስልጤ አገር ዕድሜዋን ስትፍቅ ነው የኖረችው። አፈርኩ። ውሃ ሰጠሁሽ፣ ጠጣሽ፣ መልሰሽ ደግሞ ተሳደብሽ። ያ ስድብ ነው ያዋደደን።

በሳምንቱ ከሱቁ በረንዳ ላይ ሦስት ሆነን መግመድ ጀመርን። ገመድ የወንድ ሥራ ነው፣ እነዚህ ሴቶች ደግሞ ነገ ሱሪ ይታጠቃሉ ብለው ስንቱ ሳቀብን! ቃጫ ይዛ የመጣች ሴት ገምዳ ትሸጣለች እንጂ ጥሬውን ለነጋዴ ሰጥታ አትሄድም ብለን ተማማልን። አራስ ገመድ አትነካም የሚለውን የጨመርሽው አንቺ ነሽ። ታናሽ እህትሽ በወለደች በአሥረኛው ቀን እንሰት ስትፍቅ ደም ፈሷት ስለሞተች፣ ያን ቀን ሕጉን ስትናገሪ ማንም ቀና ብሎ አላየሽም። በአራት ዓመት አሥራ ዘጠኝ ሴት ሆንን። አንዳንዷ ባሏ የሞተባት፣ አንዳንዷ ባሏ ቆሞ የሌላት።

በረንዳው ሲጠበን የቀበሌው ሊቀመንበር ታረቀኝ ያንን የተዘጋ መጋዘን ሰጠን። ሲመርቅልን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያለ ዲስኩር ሲያደርግ አንቺ ከሁላችን በላይ እልል አልሽ። ጣሪያ አገኘን፣ ዝናብ ቀረልን፤ ቃጫው ሳይበሰብስ ክረምትን ማለፍ ቻልን። ያ መጋዘን ከተወሰደብን አሥራ ዘጠኝ ምድጃ እንደሚጠፋ እኔም አንቺም እናውቅ ነበር።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ።

ባለፈው ሐምሌ መጀመሪያ ታረቀኝ ትዕዛዝ ይዞ መጣ። ሦስት መቶ ገመድ፣ እያንዳንዱ ሁለት ክንድ፣ ጠንካራ ይሁን ግን አይሻክር። እንደዚያ ያለ ትልቅ ሥራ አይተን አናውቅምና ሴቶቹ በደስታ ጨፈሩ። አንቺ ብቻ ነሽ ገመዱን በክንድሽ ለክተሽ የጠየቅሽው። ለበሬ ያጥራል፣ ለጆንያ ይረዝማል፣ ለአህያ ጭነት አይበቃም፤ በሁለት ክንድ የሚታሰር ምን ዓይነት እንስሳ ነው አልሽ። እኔ የድንኳን ማሰሪያ ይሆናል፣ ምን አገባን አልኩሽ። ያኔ እውነቴን ነው፤ የጠየቅሽኝ ዕለት አላውቅም ነበር። አንቺም ምንም ፍጡር ቢያስሩበት ቆዳውን አይላጠው ብለሽ ቃጫውን ሁለቴ አስነክረሽ፣ ሁለቴ አስቀጠቀጥሽን። ጸሎት ቤታችሁ ከታሸገ ወዲህ መዝሙርሽን በአፍንጫሽ ነበር የምትዘምሪው፤ ያን ሰሞን ሰባቱን ቀን እያንጎራጎርሽ ገመድሽ። እንደዚያ የለሰለሰ ገመድ ከእጃችን ወጥቶ አያውቅም።

ቅዳሜ ገበያው ሞቅ ባለበት ሰዓት የወታደር ኦራሎቹ መጥተው መውጫ መግቢያውን ዘጉት። አፈሳ ነው ሲባል ሰው እንደ እህል ተበተነ። አንቺ ጎመን ትገዢ ነበር፣ እኔ ካጠገብሽ ነበርኩ። ዘነበ አልነበረም ወይ እንጨት ተራ አካባቢ? ብለሽ ሮጥሽ፤ እኔም ተከተልኩሽ። ሁለተኛው መኪና ላይ ነበር፣ ከማያውቀው ልጅ ጋር እጅ ለእጅ ታስሮ። ጎማው ላይ ወጥተሽ ገመዱን ልትፈቺ ያዝሽው። ከዚያ እጅሽ ቆመ። ያቺን ሦስት ጊዜ የተጎነጎነች ጫፍ በጣትሽ ዳበስሻት። ብትጮሂ በተሻለኝ ነበር፤ አልጮህሽም። ያጽናናሽ እሱ ነው። እማዬ አያምም፣ ለስላሳ ነው አለሽ።

እኔ ሰምቻለሁ። ይህን ቃል ከሰማሁ ወዲህ እንደ ሰው ተኝቼ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ዕቃሽን ጠቅልለሽ ወደ አባትሽ መሬት ሄድሽ። ማንንም አልወቀስሽም። ሰዉ ሁሉ በገመዱ አዝና ነው አለ። እኔም ገመዱ ለምን እንደሆነ ማናችንም አላወቅንም እያልኩ ላገኘሁት ሁሉ ተናገርኩ፤ ለሴቶቹ፣ ለጎረቤት፣ ለልቅሶ ደራሹ። አመኑኝ። አንቺም አምነሽኝ ነው የሄድሽው። ስትሄጂ አንገቴን አቅፈሽ እኔና አንቺ በማናውቀው ነገር እጃችን ገባ አልሽኝ። እኔና አንቺ አልሽ! ሰባት ወር የበላኝ ይህ ነው።

እኔ አውቅ ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታረቀኝ ገመዶቹን ሊረከብ ሲመጣ እናንተ ቃጫ ልታሰጡ ወደ ጓሮ ወጥታችሁ ነበር። በሩ ላይ ለብቻዬ ጠራኝ። ቅዳሜ ዘመቻ አለ፤ ረሻድን ከአጎቱ ጋር ለጥቂት ቀን ዞር አድርጊው፤ ባህሩዲን ባለውለታዬ ስለነበረ ነው የምነግርሽ አለኝ። ወሬው ከአፍሽ ከወጣ ግን መጋዘኑንም እርሺው፣ ልጁንም እርሺው አለኝ። ገመዶቹ እየተቆጠሩ ወደ መኪናው ይጫናሉ። እነሱን አየሁ፣ ሁለት ክንድነታቸውን አየሁ፣ ያን ጊዜ ገባኝ። አመሰገንኩት! ወላሂ አመሰገንኩት።

ዓርብ ጠዋት የባለቤቴ ወንድም ኸድሩ በጭነት መኪናው ወደ ሞያሌ ይወርድ ነበርና ረሻድን አስነሳሁት። ትምህርት ተዘግቷል፣ አገር ይይ አልኩ። ዘነበ ሊሸኘው መጣ። ከኔ ያልሰማሽው ይህ ነው፤ ሊሸኘው ብቻ አልነበረም የመጣው። ፀጉሩን አበጥሮ፣ ያቺን ቡናማ ሹራቡን ለብሶ ነበር። እኔም ልሂድ፣ ሞያሌን አይቼ አላውቅም፣ እማዬን አንቺ ንገሪያት አለኝ። ኸድሩ ጋቢናው ሦስት ሰው ይይዛል፣ ይምጣ አለ። ረሻድ ደግሞ በሩን ከፍቶ ቆሟል።

ቦታ የለም አልኩ። ጋቢናው ውስጥ የሚጫን የሱቅ ዕቃ አለኝ አልኩ። ምንም ዕቃ አልነበረኝም።

ለምን አትይኝም? ሁለቱ አብረው ጠፍተው ቅዳሜ አፈሳው ሲመጣ ወሬው ከኔ እንደወጣ ታረቀኝ ያውቃል ብዬ ፈራሁ። መጋዘኑ ይወሰዳል፣ አሥራ ዘጠኝ ሴት ሜዳ ላይ ትወድቃለች ብዬ ነው እያልኩ ራሴን ስሸነግል ከረምኩ። ለሴቶቹ ብዬ ነው፣ ለአራሶቹ ብዬ ነው፣ ላወጣሽው ሕግ ብዬ ነው! ውሸት ነው። ለአንዱ ልጄ ብዬ ነው። ለአንቺ ልጅ አንድ መቀመጫ ነበረኝ፣ ከለከልኩት። እሱማ ምን አለ መሰለሽ? ሳቀና በሚቀጥለው ይሁን አለኝ። የረሻድን ሻንጣ ራሱ አቀበለው፤ መኪናው እስኪታጠፍ ድረስ ቆሞ እጁን አውለበለበ።

ያዳንኩት መጋዘንም አልዳነ። ጥር ላይ ታረቀኝ ያንኑ ገመድ፣ ያንኑ ልክ ዳግመኛ አዘዘ። ትዕዛዙን ለሴቶቹ ስነግር ሰባቱ ቃጫቸውን ተሸክመው ወጡ። እኔም ቃጫ የለንም ብዬ መለስኩት። መጋዘኑን እስከ ወሩ መጨረሻ አስረክቡ ብሎናል። ወደ በረንዳው እንመለሳለን፤ ሌላ ምን ይኖራል? በእሱ አላዝንም። ለማዘንም ጉልበት ያስፈልጋል።

ረሻድ በአሥረኛው ቀን ከሞያሌ ሲመለስ ዘነበ የት ሄደ ብሎ ሲጠይቅ ታፈሰ አልኩት፤ ሌላ አልነገርኩትም። ሲያለቅስ ሰነበተ። አብረው ካደጉበት ደጃፍ ላይ ብቻውን ይቀመጥ ነበር። ከሁለት ሳምንት በፊት ኸድሩ ምሳ ላይ ሳያስበው፣ ያኔ ጋቢናው ባዶውን ነበር የሄደው፣ እናትህ ባትከለክል ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ እዚህ ነበር ብሎ ጨዋታ አመጣ። ረሻድ ቀና ብሎ አየኝ። ቢቆጣ እመልስለት ነበር። ኸድሩ ሲሄድ ሁሉንም ነገርኩት። ውሸት የምሠራበት አቅም አልቆብኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ድምፁን አንድ ቀን ከፍ አላደረገብኝም። ውሃ ስጠኝ ስለው ይሰጠኛል። እሺ ይለኛል። እማማ ማለት ግን ትቷል።

እሁድ ዕለት የትምህርት ቤት ወረቀቱን ለረህማ ሰጥቷት አስቀምጪልኝ አላት። ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ አስሯል። በገዛ እግሩ ሄዶ ለውትድርና ለሚመዘገብ ሰው የት መመደብ እንደሚፈልግ ይጠይቁታል ብሎ ከሰው ሰምቷል። እውነት ይሁን ሐሰት አላውቅም፤ እሱ ግን አምኖታል። ዘነበ ያለበትን የጦር ክፍል አድራሻ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ባለፈው ወር ደብዳቤ እንደላከልሽ ካሳነሽ ስታወራ ሰምቷታል። ስለዚህ ከነገ ወዲያ ሐሙስ፣ በቡና መኪና፣ ወደ አንቺ ይመጣል።

ነገሩን ከልጅ አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። እሱ ሲነግርሽ ያፍርልኛል፣ ሊያሳንሰው ይሞክራል፤ እናቴ ፈርታ ነው ይልሻል። አትስሚው። እውነቱ እኔ እንደጻፍኩት ነው። ራሴ መምጣት አስቤ ነበር። ግን ደጅሽ ቆሜ ማን ነው ስትይ ምን ብዬ እመልሳለሁ?

አድራሻውን አትስጪው ብዬ እዚህ ላይ ጽፌ ነበር፣ ሰረዝኩት፤ የቀለሙን መጨማለቅ ታይዋለሽ። ይህን ካንቺ የምለምንበት አፍ የለኝም። ስጪውም አልልሽም፣ እናት ነኝና እጄ እምቢ ይለኛል። እንደ ልብሽ አድርጊ። ያደረግሽውን አልጠይቅሽም፤ እስክሞትም አልወቅስሽም።

አንድ ነገር ብቻ ስሚኝ። ከእሁድ ጀምሮ እኔ በሠራሁት ምግብ ላይ እጁን አልዘረጋም። ረህማ ደብቃ የምትሰጠውን ዳቦ ነው የሚበላው። ያንቺን እጅ ግን እምቢ አይልም፤ ከልጅነቱም ብሎ አያውቅም። የምትወስኚውን ወስኚ፣ ሳይበላ ግን ከቤትሽ እንዳይወጣ።

የምታምኚው ጌታ ዘነበን በሙሉ አካሉ፣ በሙሉ ጤናው ወደ ቤትሽ ይመልስልሽ። የኔም ዱዓ ሌሊትና ቀን ይኸው ነው፤ ከኔ ይሰማ እንደሆነ እንጃ። ጓሮሽ ይልማ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ።

እህት መባሉ ካልቀረብኝ፣ እህትሽ

የረሻድ እናት